ከጥቆማ እስከ ካባ፦ ሊበራል ትምህርትን ያጠናከሩ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መሪዎችን በጎንደር ለመሸለም የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

አዳራሽ መከራየት፣ ባነር ማሠራት፣ የመስታወት ዋንጫ ማስቀረጽና ምሳ ማዘዝ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ወራት የሚፈጀው ማን ይሸለም፣ ስለ ምን ይሸለም የሚለው ነው። ይህ ሳይሠራ የቀረ እንደሆነ ሽልማቱ ወንበር ተከትሎ ይሄዳል፤ ፕሬዝዳንቱ ፕሬዝዳንት ስለሆነ፣ ዲኗ ዲን ስለሆነች ይጨበጨብላቸዋል። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርም ሁኑ የኮሌጅ ኮሚቴ ወይም የመምህራን ስብስብ፣ እዚህ የተጻፈው ሥርዓት መሪው የወሰነውን ውሳኔና ውሳኔው ተማሪው ላይ ያመጣውን ለውጥ ለይቶ ለማክበር ነው። ማስረጃውን የምትፈልጉት ደግሞ በዋናነት ከሁለት ቦታ ነው፦ ከፈተና ወረቀትና ከመምህራን የኮርስ ድልድል።

1. የሚሸለመውን ሥራ በአንድ ገጽ አስፍሩ

ሊበራል ትምህርት ሲባል ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሕግ ተማሪውም ከሙያው ጎን ማመዛዘን፣ መጻፍ፣ ታሪክንና ማኅበረሰብን ማንበብ፣ ከራሱ የተለየ ሐሳብን ሰምቶ መልስ መስጠት እንዲማር ማድረግ ነው። በእኛ አገር ይህ በግልጽ የሚታየው በ2012 ዓ.ም. በተጀመሩት የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ነው፦ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂና ሌሎችም። ኮርሶቹ በወረቀት ላይ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ልዩነቱ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ትምህርት ክፍሎች ጊዜያቸውንም ጠንካራ መምህራቸውንም ወደ ፈተናው ዝግጅት መሳብ ይቀናቸዋል። በዚህ መሀል የጋራ ኮርሶቹን ያላስነካ ዲን ካለ ለሽልማት የሚበቃ ሥራ ሠርቷል።

ገጹ ላይ ጎንደር ራሷ ያሏትን ምሳሌዎች ጥቀሱ፤ ጠቋሚዎች ምን እንደምትፈልጉ ቶሎ ይገባቸዋል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ አሠልጥኗል፤ ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ግቢ ተማሪዎች ቲቲፒ እያሉ የሚጠሩት የቡድን ሥልጠና የዚያ ተከታይ ነው። የተለያየ ሙያ ያላቸው ተማሪዎች የአንድን ቀበሌ ችግር አብረው ሲያጠኑ ትምህርቱ ከክፍል የሰፋ ይሆናል። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ያወጣውን ቅኔ የኔታ ፊት ቆሞ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ ሌላ ያወጣል። ዕለት ዕለት መፍጠርና መታረም ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አታገኙም።

የማይቆጠረውንም በግልጽ ጻፉ። የተሠራ ሕንፃ፣ የተመራቂ ብዛት፣ የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ፣ የመጣ ገንዘብ፣ የታተመ ጥናት ሁሉም መልካም ነገር ነው፤ ይህን ሽልማት ግን አይመለከትም። ይህ መሥመር ካልተጻፈ ከሚመጣላችሁ ጥቆማ የሚበዛው ስለ ሕንፃ ይሆናል።

2. ጊዜውን ከጎንደር አቆጣጠር ጋር አጣጥሙ

ሥራውን በጥቅምት ጀምሩ፣ የጥቆማ ጥሪውን በኅዳር መጀመሪያ አውጡ፣ ታኅሣሥ 30 ላይ ዝጉ። ጥርን በሙሉ ለሰነድ ማጣራት ተዉት፤ ከጥር 10 እስከ 12 ከተማዋ በጥምቀት እንግዳ ስለምትሞላ ሆቴልም መኪናም አይገኝም፣ ከዚያ ቀጥሎ የሴሚስተሩ ፈተና ይመጣል። ዳኞች የካቲትና መጋቢት ያንብቡ፣ በቦታው የሚደረገው ማረጋገጫ በሚያዝያ ይሁን፣ በዓሉ በግንቦት አንድ ቅዳሜ። ሰኔ ከገባ የምረቃ ሩጫ ነው፤ የሚሰማችሁ አይኖርም።

የግንቦቱን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕረ ሐሳቡን ተመልከቱ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ይውላል፣ ከዚያ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምባቸውም። ፋሲካ ቀደም ብሎ በዋለበት ዓመት ግን የሐዋርያት ጾም ከግንቦት 16 ጀምሮ ሊገባ ስለሚችል የምግቡ ዝርዝር ይለወጣል። በማናቸውም ቀን ቢሆን የጾም ምግብ ይኑር፤ ሥጋ የሚቀርብ ከሆነ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ በጽሑፍ ይለይ። ይህን ለአስተናጋጅ ትዝታ የተወ ኮሚቴ እንግዳውን ጾሙን ያውለዋል።

3. ዳኞቹን ሰይሙ

አምስት ድምፅ ያላቸው ዳኞችና አንድ ድምፅ የሌለው ጸሐፊ ይበቃሉ። ሁለቱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይምጡ፤ መንገዱ የማያስተማምን ሲሆን በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ይግቡ፣ ትኬቱንም በጀት ውስጥ ቀድማችሁ አስገቡ። አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንዱ ከተመረቀ ከአምስት ዓመት ያልበለጠ የቀድሞ ተማሪ ይሁን። አምስተኛው ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ሊቅ ቢሆን እንመርጣለን። የዩኒቨርሲቲ ሰው ሪፖርት ማንበብ ለምዷል፤ የቅኔ መምህር ግን የአንድ ተማሪ ጽሑፍ የራሱ ይሁን የተቀዳ ቶሎ ይለያል።

አንድ ሕግ አይጣስ፦ ማንም ዳኛ የራሱን አለቃ አይመዝን። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ዲኑን፣ ዲን ምክትል ፕሬዝዳንቱን ቢመዝን ነጥቡ ከወዲሁ ይታወቃል። ከዚህ ሌላ ዝምድና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪነት፣ አብሮ ጥናት ማሳተምና በመጠባበቅ ላይ ያለ የደረጃ ዕድገት በጥቅም ግጭት ቅጽ ላይ ይሞሉ። ግጭት ያለበት ዳኛ ለዚያ ዕጩ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ዙር በሙሉ ይውጣና ተጠባባቂ ይተካ፤ አንዱን ዕጩ አራት፣ ሌላውን አምስት ሰው ሲመዝነው ነጥቡ አይነጻጸርም።

4. የጥቆማ ሰነዱን አጭር አድርጉት

ራስን መጠቆም ይከልከል። ተጠቋሚው በኃላፊነት ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ይሁን፤ ኃላፊነቱን የለቀቀም ይካተት። እንዲያውም የለቀቀው ይመረጣል፣ ሲሄድ ሥራው አብሮት እንደሄደ ወይም እንደቀረ ማየት ይቻላልና። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሌላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁንና የግል ኮሌጆችንም በጥሪው በስም ጥቀሱ፤ ካልተጠሩ አይመለከተንም ብለው ይቀመጣሉ።

ሰነዱ በጠቅላላው ከ15 ገጽ አይብለጥ። ሁለት ገጽ የጥቆማ ደብዳቤ፤ ውሳኔው የተላለፈበት ቃለ ጉባኤ ወይም የተፈረመ ደብዳቤ ቅጂ፤ ከውሳኔው በፊትና በኋላ ያለ የኮርስ ድልድል፤ ከውሳኔው በፊትና በኋላ የተሰጠ የአንድ ኮርስ ፈተና፤ ስማቸው የተሸፈነ፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው የሰጧቸው አራት የተማሪ ጽሑፎች፤ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ አንዱ የግድ ከተማሪ ወይም ከተመራቂ። በኢሜይልም በወረቀትም ተቀበሉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማስገቢያው ቀን ያለፈበት ሰው ቅሬታው ትክክል ስለሆነ፣ በወረቀት የመጣውን መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ይረከብ።

የድጋፍ ደብዳቤ ሲነበብ የሚያሳስተው ቅጽል ነው። «ታታሪ፣ ቅን፣ አርቆ አሳቢና የተማሪ አባት» የሚል ደብዳቤ ስለ ማንም ሊጻፍ ይችላል። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ነው፦ «በዚህ ዓመት በዚህ ወር በተደረገ የአካዳሚክ ኮሚሽን ስብሰባ የአንደኛ ዓመት ኮርሶች በአዲስ ቅጥር መምህራን ብቻ እንዳይሸፈኑ ወሰኑ፤ በቀጣዩ ሴሚስተር ሦስት ረዳት ፕሮፌሰሮች ሎጂክ ማስተማር ጀመሩ።» ቀን፣ ቦታ፣ ውሳኔ፣ ውጤት። በጥሪው ላይ ይህን ናሙና አያይዙ።

5. ፈተናውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ደረጃ ነው። የአንድን ኮርስ የድሮና የአሁን ማጠቃለያ ፈተና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የድሮው 50 ምርጫ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፦ «ከሚከተሉት ውስጥ ፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ያልሆነው የቱ ነው?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አዲሱ ደግሞ የጋዜጣ አስተያየት ግማሽ ገጽ ሰጥቶ «የጸሐፊው መደምደሚያ ምንድን ነው? በየትኞቹ መነሻዎች ላይ ቆመ? ሳይናገር ያለፈው ግምት የትኛው ነው? በአንድ ገጽ ተቃወሙት ወይም ደግፉት» ይላል። ሁለቱን ያየ ዳኛ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ይሁን እንጂ ፈተናውን የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ መሪው ምን አደረገ? መልሱ ከቁጥሩ ይገኛል። አንድ መምህር 60 ተማሪ ያላቸው አራት ሴክሽኖች ካሉት 240 ወረቀት ያርማል። ለአንድ ወረቀት አሥር ደቂቃ ቢሰጥ 2,400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት ነው። ውጤት በሳምንት አስገባ የተባለ መምህር ምርጫ ጥያቄ ቢያወጣ አይፈረድበትም። ስለዚህ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ የሚገኘው መሪው ከሦስት አንዱን ሲያደርግ ነው፦ የሴክሽኑን መጠን ሲቀንስ፣ አራሚ ረዳት ሲመድብ፣ ወይም የውጤት ማስገቢያውን ቀን ሲያራዝም። የኮርስ ድልድሉን የምትጠይቁት ይህን ለማየት ነው። ፈተናው ተለውጦ ድልድሉ እንደነበረ ካለ ሥራው የመምህሩ ነው፤ ለመምህሩ ሌላ ሽልማት ይገባዋል።

የተማሪዎቹን ጽሑፎች ለመመዘን አዲስ መስፈርት መፍጠር አያስፈልግም። በ1915 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ለሊበራል ትምህርት የቆመው የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ቫሊዩ ሩብሪክ የሚባሉ 16 መመዘኛዎች አሉት፣ በነጻ ይገኛሉ። የክሪቲካል ቲንኪንግና የጽሑፍ መግባቢያ የሚሉት ሁለቱ ይበቋችኋል። እያንዳንዱ መስፈርት ከ1 እስከ 4 ይሰጣል፤ 1 እንኳን የማይሞላ ሥራ 0 ያገኛል። ብልሹው ነገር ዳኞች ሩብሪኩን እንደ ክፍል ፈተና ቆጥረው ለአንደኛ ዓመት ተማሪ 4 መስጠታቸው ነው። 4 ተመራቂ ተማሪ ሊደርስበት የሚጠበቅ ደረጃ ነው፤ የአንደኛ ዓመት ጽሑፍ 2 ካገኘ ጥሩ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዳኞች አንድ ጽሑፍ አብረው አርመው ነጥባቸውን ያነጻጽሩ፤ ይህ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ብዙ ጭቅጭቅ ግን ያስቀራል።

6. ነጥብ አሰጣጥ

ከመቶው 25 ለውሳኔው ግልጽነት፣ 35 በተማሪ ሥራ ላይ ለታየ ለውጥ፣ 25 ለዘለቄታው፣ 15 ከራሱ ትምህርት ክፍል አልፎ ለመድረሱ ስጡ። ዘለቄታ ማለት ከውሳኔው ሁለት ዓመት በኋላም እየተሠራበት ነው ወይ የሚለው ነው።

ነጥቡን ደምሮ ማካፈል ግን ወጥመድ አለው። አምስት ዳኞች ለዕጩ ሀ 78፣ 80፣ 79፣ 81 እና 40 ሰጡ እንበል፤ ለዕጩ ለ ደግሞ 74፣ 75፣ 74፣ 76 እና 90። በአማካይ ሀ 71.6፣ ለ 77.8 ያገኛሉ፤ ለ አሸነፈ ማለት ነው። አራቱ ዳኞች ግን ሀን አስቀድመዋል፤ ውጤቱን የገለበጠው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዳኛ ነጥብ ወደ ደረጃ ቀይሩ። ሀ አራት ጊዜ አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ስለሆነ ድምሩ 6 ነው፤ የለ ድምር 9። ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ያ አምስተኛ ዳኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ፤ ሌሎቹ ያላዩትን ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ትክክል ይሆናል።

7. ቦታው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ

ከሦስት ለማይበልጡ የመጨረሻ ዕጩዎች ሁለት ሰው ላኩ። ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ከሳምንት በፊት ለተቋሙ መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ፤ ያለዚያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪም ሆነ ቴዎድሮስ ግቢ በር ላይ ቆማችሁ ትውላላችሁ። ሬጅስትራሩን ድልድሉ እውነት መሆኑን፣ ኮርሱን የሚያስተምር መምህርን ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። ተማሪዎቹን ዕጩው ወይም ጠቋሚው አይምረጥላችሁ፤ ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከመማሪያ ክፍል በር ላይ ሁለት ሦስቱን አነጋግሩ። ውሳኔውን የተቃወመ ሰው ካለ እሱንም ስሙ። የተቃወመ ሰው ውሳኔው ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ከደጋፊው አጥርቶ ይናገራል።

8. ሽልማቱና ምስክር ወረቀቱ

የመስታወት ዋንጫ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እዚህ ካባ አለ፤ ሊቅ የሚከበርበት ልብስ ነው፣ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ከሁለት ወር በፊት ለሰፊ እዘዙ፣ የትከሻና የቁመት ልክ ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ባልደረባ ጠይቁ፣ ዋጋውን በሦስት ፕሮፎርማ አወዳድሩ። ገንዘብ ካላችሁ ለሰውየው ከመስጠት ለሠራው ሥራ ስጡት፦ ለኮርሱ መጻሕፍት መግዣ፣ ለአራሚ ረዳቶች የአንድ ሴሚስተር ክፍያ።

ምስክር ወረቀት ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። የመጀመሪያው ስም ነው፤ ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀሐይና ጸሐይ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይጻፍ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊትም ባለስሙ አይቶ ይፈርም። የማዕረግ አጻጻፍም እንዲሁ፤ ተባባሪ ፕሮፌሰሩን ፕሮፌሰር ማለት ማክበር ሳይሆን ማሸማቀቅ ነው። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው፤ ለግንቦት ስምንት ደምሩ።

የማክበሪያው ጽሑፍ ከ80 ቃል አይብለጥ። «ለትምህርት ጥራት ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚለውን ሐረግ ከነጭራሹ አውጡት። ውሳኔውን፣ ዓመቱንና ተማሪው ዘንድ የታየውን ለውጥ ጻፉ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

9. የበዓሉ ዕለት

ጥሪው ጠዋት 3፡00 ሰዓት ይበል፣ መርሐ ግብሩ 3፡30 ይጀምር፣ የክብር እንግዳው ባይደርስም ይጀምር። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ነው። መክፈቻው አምስት ደቂቃ፣ የየተሸላሚው ማክበሪያ ንባብ ሁለት ደቂቃ፣ ተሸላሚው የምስጋና ንግግር ሳይሆን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ትምህርት ይስጥ፦ ምን ወሰነ፣ ምን ገጠመው፣ አሁን ቢሆን ምን ይለውጣል። ካባውን ባለሥልጣን አያልብስ፤ ተማሪ ወይም የተሸላሚው የድሮ መምህር ቢያለብሰው ደስ ይላል። ስፖንሰር ካለ ስሙ በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ይውጣ፣ መድረክ ላይ ግን አይናገር።

ቅኔ ይቅረብ። ለባለቅኔው የተሸላሚውን ሥራ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ከሁለት ሳምንት በፊት ስጡት፣ ጉባኤ ቃና እንዲሆንም ጠይቁት። ሁለት ቤት ስለሆነ የማያውቀውም ሰው አይሰለችም፤ ከግእዙ በኋላ ሰምና ወርቁ በአማርኛ ይፈታ። ታዳሚው ሃይማኖቱ የተለያየ ስለሆነ የአማርኛ ግጥምም ጨምሩ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ በስንት ደቂቃ እንደሚነሣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሞክሩት፤ በባትሪ የሚሠራ ማይክራፎን አንድ ይኑር።

10. ከበዓሉ በኋላ

ላልተመረጡት ጠቋሚዎች በአሥር ቀን ውስጥ ደብዳቤ ጻፉ፤ የትኛው ማስረጃ እንደጎደለ በአንድ አንቀጽ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ዓመት ከሁሉ የተሻለ ሰነድ ይዘው የሚመጡት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። የዳኞች ነጥብ፣ የጥቅም ግጭት ቅጾችና የማረጋገጫ ሪፖርቱ በአንድ ፋይል ታሽገው ለአምስት ዓመት ይቀመጡ። ሐሰተኛ ሰነድ ቀርቦ ከተገኘ ሽልማቱ እንደሚሰረዝ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይጻፍ፤ ነገሩ ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ደንብ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላል።

በዓመቱ ለኮርሱ የተሰጠው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ከተሸላሚው ተቋም አንድ ገጽ ሪፖርት ተቀበሉ። በዚያ ዓመት ከ60 ነጥብ በላይ ያመጣ ዕጩ ካልተገኘ ደግሞ ሽልማቱ አይሰጥም፤ ካባው ልክ ካልተወሰደለት ለቀጣዩ ዙር ይቆያል፣ የአዳራሹ ቅድመ ክፍያ እንዳይቃጠል ደግሞ ውሉ ላይ እስከ መጋቢት መጨረሻ የመሰረዝ መብት አስገቡ።